በሩን ያልዘጋ ትዝታ

ሰው ያልኖረበትን ዘመን መናፈቅ ይችላል? ይችላል፤ ይሄ ብዙም አያከራክርም። ከእኛ ትውልድ ስንቱ ነው የአያቶቹን አዲስ አበባ፣ ጥላሁንን ከክቡር ዘበኛ ባንድ ጋር፣ ልክ እዚያ እንደነበረ ሰው በስስት የሚያወራው! የሚከብደው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው። ናፍቆት ጥሩ ነገር ነው ወይ? ማለቴ፣ ያለፈውን መናፈቃችን ዛሬ አጠገባችን ለተቀመጠው ሰው ምን ያደርግለታል? ይጠቅመዋል ወይስ ቦታውን ይነጥቀዋል?

ስለዚህ ነገር ደጋግሜ እንዳስብ ያደረገኝ አንድ የሮክ አልበም ነው። ብሮክን ሶሻል ሲን የሚባለው የካናዳ ባንድ በጁላይ 2017 ያወጣው «ሐግ ኦቭ ተንደር»። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ርዕሱን ወደ እኛ ስናመጣው «የነጎድጓድ እቅፍ» እንደማለት ነው። እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ነው፤ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሳይኖር የምሠራበት ቀን ጥቂት ነው። አልበሙንም መጀመሪያ የከፈትኩት ለሥራ ማጀቢያ ብዬ ነበር። ማጀቢያ ሆኖ ግን አልቀረም።

*

ብሮክን ሶሻል ሲንን «ባንድ» ማለት ራሱ ትንሽ ይከብዳል። በ1999 ቶሮንቶ ውስጥ ኬቨን ድሩ እና ብሬንደን ካኒንግ ሁለት ሆነው ጀመሩት። ከዚያ ጓደኛ ጓደኛውን እየጠራ ሰፋ። አንዳንዴ ስድስት ሆነው መድረክ ላይ ይወጣሉ፣ አንዳንዴ ከአሥር በላይ። አብዛኞቹ ሌላ ቤት አላቸው፤ ኤሚሊ ሄይንስ እና ጄምስ ሾ የሜትሪክ ናቸው፣ ኤሚ ሚላን እና ኤቫን ክራንሊ የስታርስ ናቸው፣ ሌስሊ ፋይስት ለብቻዋ ትዘፍናለች። ነገሩ የጽዋ ማኅበር ይመስላል። ሁሉም የየራሱ ኑሮ አለው፤ ሲጠራ ግን ይመጣል።

በ2002 ያወጡት «ዩ ፎርጎት ኢት ኢን ፒፕል» ስማቸውን ከቶሮንቶ አስወጣው። የዚያን ጊዜ የኢንዲ ሙዚቃ ዳኛ ተደርጎ ይታይ የነበረው ፒችፎርክ ከ10 9.2 ሰጠው፤ በዓመቱም የካናዳውን የጁኖ ሽልማት ወሰደ። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ እየተበተነ ትልቅ ሆነ። ፋይስት በ2007 «1234» የሚለው ዘፈኗ በአፕል የአይፖድ ማስታወቂያ ላይ ሲወጣ ዓለም አወቃት። ሜትሪክም የራሱን ብዙ አድማጭ አፈራ። በ2010 አብረው አንድ አልበም አወጡ፤ ከዚያ ሰባት ዓመት ዝም።

«ሐግ ኦቭ ተንደር» የመጣው ከዚህ ዝምታ በኋላ ነው። አሥራ አምስቱ ነባር አባላት በሙሉ አሉበት። ድሩ 40 ዓመቱ ነበር፣ ፋይስት 41፣ ሄይንስ 43። ልጆች አይደሉም። እንደ ልጆች ለመምሰልም አልሞከሩም።

*

ስለዚህ አልበም ከማውራቴ በፊት ግን አንድ የቆየ ዘፈን ላንሳ። ከ2002ቱ አልበም ውስጥ «አንተምስ ፎር ኤ ሰቨንቲን ይር ኦልድ ገርል» የሚባል አለ፤ «ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ የተዘመሩ መዝሙሮች» ብንለው ያስኬዳል። ባንጆ አለበት፣ ቫዮሊን አለበት። ቀስ ብሎ እያደገ፣ ጥቂት ቃላትን እንደ ጸሎት ደጋግሞ ደጋግሞ ያዞራል። የሄይንስ ድምፅ በማሽን ተለውጦ ከሩቅ የሚመጣ የልጅ ድምፅ ይመስላል። ብዙ ሰው ባንዱን የሚያውቀው በዚህ ዘፈን ነው። በ2024 በወጣው «አይ ሶው ዘ ቲቪ ግሎው» ፊልም ውስጥ ሌላ ድምፃዊ አዲስ አድርጋ ዘፍናዋለች። ዘፈኑ ሲወጣ ያልተወለዱ ልጆች ዛሬ እየሰሙት ሆዳቸው ይባባል።

እኔን የያዘኝ ሒሳቡ ነው። ሄይንስ የተወለደችው በ1974 መጀመሪያ ላይ ነው። አልበሙ ሲወጣ 28 ዓመቷ ነበር። አሥራ ሰባት ካለፋት አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ስለዚህ ሁሉም ሰው «የወጣትነት መዝሙር» ብሎ የተቀበለው ዘፈን ገና ትኩስ ሳለ ወደ ኋላ እያየ ነበር። እኔ ራሴ አሁን እዚያው ዕድሜ አካባቢ ነኝ። ከዚህ ሆኜ ሳይ አሥራ ሰባት በደንብ ይታያል፤ ልንካው ቢሉ ግን አይደረስበትም።

ይሄ ሒሳብ አንድ የተለመደ ፍርድ ያፈርሳል። የቆየ ባንድ ከዓመታት በኋላ የተረጋጋ፣ ናፍቆት ያለበት አልበም ሲያወጣ «ድሮ እሳት ነበሩ፣ አሁን ትዝታ ያመነዥካሉ» እንላለን። እነዚህ ሰዎች ግን ከመጀመሪያውም ናፋቂ ነበሩ። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ የተለወጠው የሚናፍቁበት መንገድ ነው። የኔ ጥያቄም እዚህ ላይ ነው፤ ናፍቆት ጥሩና መጥፎ መንገድ ካለው፣ ልዩነቱ ምንድን ነው?

*

«ኖስታልጂያ» የሚለው ቃል ሲፈጠር የበሽታ ስም ነበር። በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የስዊዘርላንድ የሕክምና ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ «ወደ ቤት መመለስ» እና «ሕመም» የሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት ገጥሞ ሠራው። ከአገራቸው ርቀው እየከሱ፣ እየጠወለጉ ለሄዱ ስዊዘርላንዳውያን ነው ስሙን ያወጣው። መድኃኒቱ ቀላል ይመስላል፤ ሰውየውን ቤቱ መልሱት።

ከመቶ ዓመት በኋላ ግን ካንት መጥቶ ነገሩን አወሳሰበው። በ1798 ባሳተመው የአንትሮፖሎጂ መጽሐፉ ውስጥ እነዚህ ሰዎች አገራቸው ሲገቡ ቅር እንደሚላቸው ጽፏል። የናፈቃቸው ቦታው መስሏቸው ነበር፤ የናፈቃቸው እዚያ ቦታ ላይ ያሳለፉት ወጣትነት ነው። ተራራው ቆሟል፣ ቤቱም አለ፣ ወጣትነቱ ግን የለም። እንደ ካንት ከሆነ የሚፈወሱትም በዚሁ ቅሬታ ነው።

የልጅነት ጌሙን አውርዶ ኮምፒውተሩ ላይ የጫነ ሰው ይሄ ወዲያው ይገባዋል። ፋይሉ አንዲት ቢት አልተለወጠችም። ሙዚቃው ያው ነው፣ የመጀመሪያው ጠላት የሚወጣበት ጥግ ያው ነው። ጎንህ ተቀምጦ «አሁን የኔ ተራ ነው» እያለ የሚነጅስህ የአክስትህ ልጅ ግን የለም። አሥር ደቂቃ ትጫወትና ትዘጋዋለህ።

ካንት ልክ ከሆነ ናፍቆት የሞራል ጣጣ አለበት። «ጓደኞቼ ናፈቁኝ» ስል የናፈቀኝ እነሱ አጠገብ የነበረው እኔ ነው ማለት ነው። ጓደኞቼ ለራሴ ፎቶ እንደ ጀርባ ግድግዳ ሆነው እያገለገሉኝ ነው። ይሄ ደግሞ ፍቅር አይባልም።

*

የዩኒቨርሲቲ ዶርም ጓደኞቼና እኔ የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ስድስት ነን፤ አራቱ ከአገር ወጥተዋል። ከሚጻፈው ውስጥ ግማሽ ያህሉ የሚጀምረው «ታስታውሳላችሁ?» በሚል ነው። መብራት ጠፍቶ በስልክ ባትሪ ያጠናንበት ሌሊት፣ የካፌው ሽሮ፣ ፕሮጀክታችን ማቅረቢያው ጠዋት ላይ አልነሳ ያለበት ቀን። ግሩፑን እወደዋለሁ። ቀኔ ሲከፋ የምከፍተው እሱን ነው።

አንድ የበዓል ቀን በቪዲዮ ስንደዋወል የአንዱ ባለቤት አብራው ተቀመጠች። አንድ ሰዓት ሙሉ በሳቅ ፈረስን። እሷ ፈገግ ብላ አዳመጠች፣ ቡና ቀዳች፣ ልጁን አስተኛችና ተመለሰች። ልንዘጋ ስንል «ደስ ትላላችሁ፤ ግን የምታወሩላቸውን ልጆች አንዳቸውንም አላውቃቸውም» አለች። ሁላችንም ሳቅን፤ እሷም ሳቀች። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ባሏ ነው። እሷ የምታውቀው ሰውዬ ማታ ከሥራ የሚመጣውን፣ ወገቡን የሚያመውን፣ የቤት ኪራይ የሚያስበውን ነው። በዚያ ሰዓት ውስጥ ያ ሰውዬ ክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

የናፍቆት ጉዳት ያለው እዚህ ይመስለኛል። ብዙ ጊዜ የምንከሰው «ያለፈውን ያሳምራል፣ ይዋሻል» ተብለን ነው። እውነት ነው፣ ያሳምራል፤ ሽሮው ያን ያህል አይጣፍጥም ነበር። ያ ግን ቀላል ኃጢአት ነው። ከባዱ፣ ያለፈውን የተዘጋ ክፍል አድርጎ ቁልፉን እዚያ ለነበሩት ብቻ መስጠቱ ነው። ዘግይቶ የመጣ ሰው ምንም ቢያደርግ አይገባም። የዘገየው ደግሞ በራሱ ጥፋት አይደለም።

ስቬትላና ቦይም በ2001 ባሳተመችው የናፍቆት መጽሐፍ ናፍቆትን ለሁለት ትከፍለዋለች። አንዱ የፈረሰውን ቤት እንደነበረው መልሶ መገንባት የሚፈልግ ነው። ሌላው ፍርስራሹ መፍረሱን እያወቀ እዚያው እየተመላለሰ የሚያስብ ነው። ጠቃሚ ክፍፍል ነው፤ ፖለቲካችን ውስጥ የመጀመሪያውን ዓይነት ለማግኘት ብዙ መፈለግ አያሻም። እኔ ግን አንድ ጥያቄ እጨምርበታለሁ። ሁለቱም ናፋቂዎች ብቻቸውን ናቸው። አንዱ ይገነባል፣ አንዱ ያሰላስላል። በዚያ በኩል የሚያልፍ እንግዳስ?

*

አሁን ወደ አልበሙ ልመለስ።

ባንዱን ከሰባት ዓመት በኋላ ምን ሰበሰበው? ድሩ በተለያየ ጊዜ እንደተናገረው አንዱ ምክንያት በኖቬምበር 2015 ፓሪስ ላይ የደረሰው ጥቃት ነው። ባታክላን በሚባለው የኮንሰርት አዳራሽ ብቻ 90 ሰው ተገድሏል፤ ሙዚቃ ሊሰሙ የመጡ ሰዎች። ከሙዚቀኛ አንፃር ስታየው ይሄ የራስህ ቤት ሲጠቃ ማለት ነው። እንግዲህ ይሰበሰቡ ዘንድ የገፋፋቸው ነገር ከኋላቸው ያለው 2002 ብቻ አልነበረም። ፊት ለፊታቸው ያለ፣ ሰው በአንድ ክፍል አብሮ መቆምን እንዲፈራ ያደረገ ነገር ነበር።

ከዚያ ደግሞ ሜይ 2017። አልበሙ ሊወጣ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ማንችስተር ላይ የአሪያና ግራንዴ ኮንሰርት ሲያበቃ ቦምብ ፈንድቶ 22 ሰው ገደለ፤ ብዙዎቹ ልጆችና ወጣቶች ነበሩ። ብሮክን ሶሻል ሲን በማግስቱ እዚያው ከተማ አልበርት ሆል ውስጥ ኮንሰርት ነበራቸው። አልሰረዙም። የከተማው ልጅ፣ የዘ ስሚዝስ ጊታሪስት ጆኒ ማር መድረክ ላይ ወጥቶ ከእነሱ ጋር «አንተምስ»ን ተጫወተ። ስለ አሥራ ሰባት ዓመት ልጅ የተሠራ ዘፈን፣ በዚያ ከተማ፣ በዚያ ምሽት።

ይህን ሳስብ ካንት ያልጨረሰው ነገር ያለ ይመስለኛል። ያን ምሽት ዘፈኑ የማንንም የ2002 ወጣትነት እየናፈቀ አልነበረም። ባንዱ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የሠራውን ነገር አውጥቶ ትናንት ለተጎዳ ሰው ሰጠ። የቆየ ነገር የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ገና በቀጥታ ልንናገረው ለማንችለው ሐዘን ቀድሞ የተዘጋጀ ቃል ሆኖ ይገኛል።

ሁለተኛው ማስረጃዬ ኤሪየል ኤንግል ናት። አልበሙ ላይ አሥራ አምስቱ ነባሮች አሉ ብያለሁ፤ አንድ አዲስ ሰውም አለች። ኤንግል የባንዱ ጊታሪስት የአንድሪው ኋይትማን ባለቤት ናት። (የጓደኛዬን ባለቤት ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም።) እንግዲህ አስቡት። ይህ ባንድ ፋይስት፣ ሄይንስና ሚላን የዘፈኑበት ባንድ ነው። ሁሉም አድማጭ የሚጠብቀው የእነሱን ድምፅ ነው። እዚያ መሀል አዲስ ድምፃዊት ስታስገባ፣ ትንሹና ቀላሉ መንገድ ከኋላ ቆማ እንድታጅብ ማድረግ ነበር። እነሱ ግን «ስቴይ ሃፒ» እና «ጎና ጌት ቤተር» የሚሉትን ዘፈኖች በፊት መስመር ሰጧት። የሁለተኛው ርዕስ «ይሻላል፣ ይሻሻላል» ማለት ነው፤ ወደ አልበሙ መጨረሻ አካባቢ ይመጣል። ስለ ነገ የሚያወራውን ዘፈን በትናንቱ ውስጥ ላልነበረችው ሰው መስጠታቸው አስበውበት ይሁን አይሁን፣ ለእኔ የአልበሙ ትልቁ ነገር እሱ ነው።

በአልበሙ ርዕስ የተሰየመውን ዘፈን ደግሞ ፋይስት ትዘፍነዋለች። ግጥሙን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ማውራት በሚመስል አኳኋን ትጀምራለች፤ የልጅነት ነገሮችን ትጠራለች። ከዚያ አዝማቹ ላይ ሌሎቹ ድምፆች ይገቡና ነገሩ ይሰፋል። አንድ ሰው ብቻውን የሚያስታውሰው ነገር የብዙ ሰው ይሆናል። አሠራሩ ራሱ ክርክሩ ነው፤ እኔ እዚህ ይህን ሁሉ ቃል የፈጀሁበትን በአምስት ደቂቃ ይጨርሰዋል።

*

በሥራዬ አንድ የሚያናድድ ነገር አለ። አዲስ ቡድን ውስጥ ስትገባ ኮዱ ለምን እንደዚያ እንደተጻፈ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ስትጠይቃቸው ተያይተው ይስቃሉ፤ «እሱ እንኳ ረጅም ታሪክ አለው»። ታሪኩ በጭንቅላታቸው ውስጥ ነው። ሲለቁ ይዘውት ይሄዳሉ። ጥሩ ቡድን ውስጥ ግን ተጽፎ ታገኘዋለህ፤ በዚህ ቀን፣ በዚህ ችግር ምክንያት ይህን መረጥን፣ ያንን ተውን። ሰነድ ማለት እዚያ ላልነበረ ሰው ተብሎ የተጻፈ ትዝታ ነው። የጻፈው ሰው አንባቢውን አያውቀውም፤ ይመጣል ብሎ ግን አስቦለታል።

እኛ ደግሞ ይህን ለማወቅ ቶሮንቶ መሄድም፣ ኮድ መጻፍም አያስፈልገንም። «ትዝታ» በቋንቋችን የስሜት ስም ነው፣ የቅኝት ስም ነው፣ የዘፈንም ስም ነው። ከማህሙድ አህመድ እስከ በዛወርቅ አስፋው፣ ስንቱ ድምፃዊ ትዝታን ዘፍኗል! የማን ነው ብትሉ የማንም ነው። እያንዳንዱ ሲገባበት የራሱን ስንኝ ይዞ ይገባል፤ ቅኝቱ ይጠብቀዋል። ገና ያላፈቀረ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ትዝታን ቢዘፍን «አንተ ምን አለህና?» የሚለው የለም። ስለዚህ የካናዳውያንን የ2002 ናፍቆት ፊደል እየቆጠርኩ የነበርኩት እኔ ብጋራው እንግዳ ነገር አይደለም። የለመድኩት ነው።

*

ሁለት ተቃውሞዎች ይታዩኛል።

አንደኛው፣ «ናፍቆት እኮ ገበያ ነው» የሚለው ነው። ልክ ነው። የሃያኛ ዓመት ጉብኝት፣ እንደገና የታተመ ሸክላ፣ የድሮ ማልያ፤ ሁሉም ይሸጣል። ብሮክን ሶሻል ሲንም ትኬት ይሸጣሉ፣ በነፃ አልዘፈኑም። ገንዘብ መኖሩ ግን ብዙ አይነግረንም። የሚነግረን የሚሸጠው ነገር ነው፤ «አንተ እዚያ ነበርክ» የሚል የምስክር ወረቀት ነው ወይስ መግቢያ?

ሁለተኛው ይከብዳል። በሩ ለሁሉም ክፍት ከሆነ፣ ነባሩ እየሄደ አዲሱ እየገባ፣ ነገሩ ያው ነገር ነው ወይ? ፕሉታርክ የጻፈላት የቴሴየስ መርከብ እንጨቷ አንድ በአንድ እየተቀየረ መጥቶ ፈላስፎችን እንዳከራከረች አለች። ሶፍትዌር ላይ ይሄ በየቀኑ የሚያጋጥም ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ከመጀመሪያው ኮድ አንድ መስመር ላይተርፍ ይችላል። ተጠቃሚው ግን «ያው ፕሮግራም ነው» ይላል፤ ምክንያቱም በድሮው ያስቀመጠውን ፋይል አዲሱ ይከፍትለታል። ያው የሚያደርገው ቃሉን መጠበቁ ነው። የዚህ ባንድ ቃል ደግሞ «ብዙ ሆነን በአንድ ጊዜ እንጮሃለን፣ የመጣ ይገባል» የሚል ነው። ኤንግል ስትገባ ያ ቃል ተጠበቀ። ባትገባ ኖሮ ነበር ባንዱ የሚለወጠው።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ልጨምር። የመጣ ይገባል ሲባል፣ ያልመጣ ከዳ ማለት አይደለም። ፋይስት ለዓመታት በሌላ መንገድ ሄዳለች፤ ስትመለስ የጠበቃት ማይክራፎን እንጂ ወቀሳ አልነበረም። ብዙ የጓደኝነት ናፍቆት የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ የሄደውን ሰው «ተለውጠሃል» ብለን እንከሰዋለን፣ እኛ በቦታችን የቆምን ይመስል። አርባን ያለፈ ሰው የአሥራ ሰባት ዓመቱን ልጅ መልሶ እንዲያመጣልን መጠየቅ መብታችን አይመስለኝም።

አልበሙ «ሶል ሉና» በሚባል አጭር መግቢያ ይጀምርና «ሃፍዌይ ሆም» ወደሚለው ዘፈን ይገባል። «ወደ ቤት ግማሽ መንገድ ላይ» ማለት ነው። ሆፈር የቃሉን ግማሽ የሠራው ከ«ወደ ቤት መመለስ» ነበር፤ እነዚህ ግን ገና ሲጀምሩ እንዳልደረሱ ይናገራሉ። እኔም ናፍቆትን ከዚህ በላይ አልጠይቀውም። መንገድ ላይ ያለ ሰው አብሮት የሚሄድ ሰው ያነሳል።

ለእለት ኑሯችን ይሄ ሁሉ የሚጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሰብሰብ ብላችሁ አንዱ «ታስታውሳላችሁ?» ብሎ ሲጀምር ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። እዚያ ያልነበረ አንድ ሰው ካለ፣ ታሪኩን ከመጀመሪያው ንገሩት፤ ማን ምን ዓይነት ሰው እንደነበር፣ ክፍሉ ምን እንደሚመስል፣ ለምን እንደሳቃችሁ። ይረዝማል። ያስቃችሁ የነበረው ቦታ ላይ ላይስቅ ይችላል፤ እናንተ ልብ ያላላችሁት ቦታ ላይ ደግሞ ጥያቄ ይጠይቅ ይሆናል። ጠብቁና መልሱለት።